ወርቄ ያልነቀለችው ስክሪን

የወርቄን መሞት መጥቶ የነገረኝ ሰው የለም። ጠዋት ሱቄን ልከፍት ስደርስ ከጎኔ ያለው የታደሰ ሱቅ ተዘግቶ፣ የብረት በሩ ላይ «በሐዘን ምክንያት ዝግ ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። የማን ሐዘን እንደሆነ ለመገመት ጊዜ አልፈጀብኝም። ወርቄ ስትታሰር ያ ሱቅ አልተዘጋም። ሲፈረድባትም ክፍት ነበር። ሳል ጠንቶባት ቤት በዋለችበት ሰሞን እንኳን እዚያ የሚሸጡት የመኪና ስክሪኖች ሙዚቃ እስከ ታክሲ ተራው ይሰማ ነበር። ታደሰ ለእህቱ ብሎ ሱቅ የዘጋው እንግዲህ ከሞተች በኋላ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የመጣብኝ እንባ ሳይሆን ንዴት ነው፤ እስከ ዛሬም አልበረደልኝም።

እኔ ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ የመኪና ወንበር ልባስ እሰፋለሁ። ወርቄ ደግሞ ከጎኔ የመኪና ኤሌክትሪክ ትሠራ ነበር። ሱቁ የአባቷ ነበር። አባቷ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩና ከልጅነቷ ጀምሮ ከእግራቸው ሥር ተቀምጣ ሽቦ መበየድ ተማረች። እሳቸው ሲሞቱ ግን ሱቁ የተዛወረው በታናሽ ወንድሟ በታደሰ ስም ነው። ወንድ ስለሆነ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም። እሷም ለምን ብላ አልጠየቀችም። ታደሰ ካቻቢቴ በየት በኩል እንደሚያዝ ሳያውቅ ባለሱቅ ተባለ፤ ወርቄ በአባቷ ሱቅ ሠራተኛ ሆነች።

ትሁት ነበረች የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አያውቃትም ማለት ነው። አጭር፣ ደልደል ያለች፣ እጀታው የተጠቀለለ የወንድ ቱታ የምትለብስ፣ ትንሿን ካቻቢቴ ሻሿ ውስጥ የምትሰካ፣ ድምፅዋ ከማዞሪያው ማዶ የሚሰማ ሴት ነበረች። ሥራዋን ስታደንቁላት «አውቃለሁ» ትላለች እንጂ «ተመስገን» አትልም። እኔን በስሜ ጠርታኝ አታውቅም፤ «ሰፊው» ነበር የምትለኝ።

«ሰፊው፣ አንተ እኮ ታድለሃል» ትለኛለች። «ብትሳሳት የሰው ቂጥ ይቆረቁረዋል፣ አለቀ። እኔ ግን የያዝኩት ዓይኑን ነው።»

ዓይኑን ነው ማለቷ ለቀልድ አልነበረም። በእኛ ሰፈር የሚነዳው መኪና አብዛኛው ጃፓን ተነድቶ የሰለቸ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ከፋብሪካው የመጣ ስክሪን አለው፤ ስክሪኑ ውስጥ የጃፓን ካርታ አለ፤ ቁልፍ ባዞራችሁ ቁጥር አንዲት ሴት በጃፓንኛ ትናገራለች። ባለመኪናው ይህን አስነቅሎ ትልቅ አዲስ ስክሪን ማስገባት ይፈልጋል። ሙዚቃ፣ ስልክ፣ የኋላ ካሜራ፣ የአዲስ አበባ ካርታ ያለበት። ችግሩ አንዳንዶቹ መኪኖች ሙቀትና ቅዝቃዜውን፣ የፊት መስታወት ላይ የሚነፋውንም አየር የሚያዙት በዚያው በአሮጌው ስክሪን በኩል መሆኑ ነው። ዝም ብሎ የነቀለ ሰው እሱንም አብሮ ነቀለ። ለየብቻው መልሶ ማገናኘት ይቻላል፤ ግን ዳሽቦርዱን አፍርሶ መዋልን ይጠይቃል።

አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ነጋዴ መጥተው «ይቺን ሴትዮ አስወጪልኝ» አሏት። «ጠዋት ጠዋት ትሰድበኛለች። ባለቤቴም ማን ናት እያለች ታኮርፈኛለች።»

«አባባ፣ አልሰደበችዎትም» አለቻቸው ወርቄ። «የካርታው ካርድ የለም እያለች ነው። የሆነ ጋራዥ ባትሪ ሲፈታ ጥሎት ይሆናል።»

«እኔ ጃፓን አልሄድ፣ ምን ትነዘንዘኛለች ታዲያ?»

ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ። እሷ ግን ሳቋን ጨርሳ ወደ ሥራዋ ስትገባ የማትተወው አንድ ሥርዓት ነበራት። ምንም ነገር ከመንቀሏ በፊት ባለመኪናውን መሪው ፊት አስቀምጣ፣ በርና መስኮት አዘግታ፣ «የፊት መስታወቱ ላይ ይተንፍሱበት» ትላለች። ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰው ወደ መስታወቱ ተንጠራርቶ «ሃ» እያለ ሲተነፍስ ማየት ለእኛ ትርዒት ነበር። መስታወቱ በእንፋሎት ሲደፈን ማሞቂያውን እንዲጫን ታደርጋለች። እየጠራ ሲሄድ «አዩ?» ትላለች፤ ሰውየው ጮክ ብሎ «አየሁ» ማለት አለበት። ራሱን መነቅነቅ አይበቃም። አዲሱን ስክሪን ገጥማ ስትጨርስም እንደገና ታስተነፍሰዋለች፤ እንደገና «አየሁ» ታስብለዋለች። «አየሁ» ሳይባል ከእሷ እጅ የወጣ መኪና የለም።

ታደሰን ይህ ነገር ያቃጥለዋል። ስክሪኖቹን ከመርካቶ በካርቶን እያስመጣ ቶሎ ቶሎ ተገጥመው እንዲወጡለት ነው የሚፈልገው።

«አዲስ አበባ ላይ ኤሲ ምን ያደርጋል?» ይላታል። «አየሩ ራሱ ኤሲ ነው። ሰውዬው የሚፈልገው ክሊፕ ነው።»

«ክሊፕ ከፈለገ ቤቱ ቴሌቪዥን ይግዛ።»

በዚህ ነገር ታደሰ ብቻውን አይደለም። የከተማችን ሰው ኤሲን የአዋሽና የድሬዳዋ ነገር አድርጎ ነው የሚያየው። በክረምት መኪና ውስጥ ታፍኖ፣ ብርድ ይመታኛል ብሎ መስኮት ዘግቶ፣ የተደፈነ መስታወት በሶፍት እየጠረገ መንዳቱ ማንንም አይገርምም። አንድ ጊዜ አንድ ጎረምሳ «እኔ የምፈልገው ስክሪን ነው፤ ማሞቂያውን ተይው» ቢላት ቁልፉን መልሳ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። ታደሰ ከኋላ እየሮጠ ለመነው፤ ጎረምሳው ግን ተሳድቦ ሄደ። የዚያን ቀን ወንድምና እህት ሲጨቃጨቁ ግድግዳውን አልፎ እኔ ጋ ይሰማ ነበር።

እንዲያም ሆኖ ትወደው ነበር። ከሥራው ውጪ ታደሰ ምን ጠይቋት እምቢ ብላው እንደምታውቅ አላስታውስም። ልጆቹን ትምህርት ቤት የምታደርሰው እሷ፣ ሚስቱ ስትወልድ ያረሰቻት እሷ። ራሷ አላገባችም፤ አልወለደችም። ዘነበወርቅ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። ስለዚህ ነገር የሚያነሳባት ሰው ካለ «ማን አስተንፍሶኝ!» ብላ ትስቅና ወደ ሌላ ወሬ ትሄዳለች።

ነገሩ የተበላሸው በክረምት ነው። ወርቄ አክስቷ ሞተውባት ለለቅሶ ወሊሶ ሄደች። በዚያው ሰሞን አንድ ጡረታ የወጡ መምህር አሮጌ መኪናቸውን ይዘው መጡ። ወንበሩን እኔ እንድሰፋ፣ ስክሪኑን ወርቄ እንድትቀይር ነበር ሐሳባቸው። እሳቸው ቁልፉን ለታደሰ ሰጥተው ሄዱ። ታደሰ ሌላ ቀጠሮ ከሚሰጥ ብሎ ራሱ ካቻቢቴ አነሳ። እኔ የወንበሩን ልክ እየወሰድኩ ከኋላ ተቀምጫለሁ።

«ወርቄ እስክትመጣ ለምን አይቆይም?» አልኩት።

«አንተ ወንበርህን ስፋ» አለኝ።

አሮጌውን ስክሪን መንጭቆ አወጣው። የማያውቃቸውን ሽቦዎች በፒንሳ ቆርጦ ወደ ውስጥ ገፋቸው። አዲሱ ስክሪን በራ፤ ዘፈን ዘፈነ። መምህሩ ሲመጡ ዘፈኑን አሰማቸው፣ ካሜራውን አሳያቸው። እሳቸውም ደስ ብሏቸው መርቀውት ሄዱ። መስታወቱ ላይ ይተንፍሱ ያላቸው የለም።

ወርቄ ገና ከለቅሶ ሳትመለስ፣ መምህሩ ባለቤታቸውን ይዘው ከጦር ኃይሎች ወደ እኛ ሲመጡ ዶፍ ዝናብ ወረደ። መስታወቱ ተደፈነ። መስኮት ሊከፍቱ ሲሉ ባለቤታቸው «ብርድ ይመታኛል» አሏቸው። ማሞቂያውን ፈለጉት፤ የለም። በአንድ እጃቸው መስታወቱን እየጠረጉ፣ በአንድ እጃቸው እየነዱ ሳለ ከመንገዱ ዳር ጥላ ይዛ በቆሎ የምትጠብስ ሰናይት የምትባል ወጣት ላይ ወጡ። ሰናይት ሆስፒታል ሳትደርስ ሞተች።

መምህሩ አልዋሹም። «ማሞቂያ ነበረኝ፤ ስክሪኑን ካስቀየርኩ ወዲህ የለም» አሉ። ማን እንደነቀለው ግን አላዩም። መኪናው ሲመረመር የተቆረጠው ሽቦ እንዳለ ተገኘ። ፖሊስ ሱቁ ድረስ መጥቶ ማን እንደነቀለው ጠየቀ። ታደሰም «እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ባለሙያዋ እህቴ ናት» አለ። ይህን ሲል ፊቱ ላይ ምንም አልተለወጠም። እኔን ሲጠይቁኝ ያየሁትን ተናገርኩ። ታደሰ ነው የነቀለው፣ እሷ ለቅሶ ነበረች፣ እኔ ከኋላ ተቀምጬ ነበር አልኩ። እውነት ስለሆነ ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም።

ወርቄ በማግሥቱ ጥቁር እንደለበሰች ደረሰች። ገና ሱቁ ከመግባቷ እናቷ እትዬ አረጋሽ ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። ወደ ጓዳው ገቡና በሩን ዘጉ። ለእርቅ የመጡ መስሎኝ ነበር። ሲወጡ ሽማግሌዎቹ አላዩኝም፤ ማለቴ፣ ላለማየት ወደ ማዶ እያዩ ነው የሄዱት።

ፖሊስ ጣቢያ መርማሪው ሁለታችንን ፊት ለፊት አቆመን። እኔ ቃሌን ደገምኩ። እሷ ወደ እኔ ሳትዞር ተናገረች።

«እሱ ተሳስቷል። ስፌት ላይ ስለነበረ ልብ አላለም። የነቀልኩት እኔ ነኝ።»

«ለቅሶ ሄደሽ አልነበረም?» አላት መርማሪው።

«ሠርቼ ጨርሼ ነው የሄድኩት።»

ኮሪደሩ ላይ ያዝኳት። ተናድጄ ነበር። «ወርቄ፣ አብደሻል? በሰው ነፍስ እኮ ነው የምትጠየቂው!»

«እናቴ ጉልበቴን ይዛ ተንበረከከች» አለችኝ። «የወለደችኝ እናቴ እግሬ ሥር ተንበረከከች፣ ሰፊው። ‹እሱ ልጆች አሉት፤ አንቺ ምን አለሽ?› አለችኝ።»

«አንቺስ ምን አልሻት?»

«ሥራ አለኝ ልላት ነበር» አለችኝ። «አፈርኩና ተውኩት።»

ችሎት ፊትም አመነች፤ ፍርድ ቤቱ መምህሩንም እሷንም ጥፋተኛ አላቸው። የሰናይት እናት እማማ ዘውዴ ችሎት እየተመላለሱ ከፊት ወንበር ይቀመጡ ነበር። በመምህሩ ብዙም አልፈረዱም፤ መምህሩ እያለቀሱ ይቅርታ ጠይቀዋቸዋል። ዓይናቸውን ያላነሱት ከወርቄ ላይ ነው። አንድ ቀን ፖሊሶቹ ሲያወጧት ተነስተው «አንቺ ሴት፣ ልጄ ምን አደረገችሽ?» አሏት። ለሁሉም መልስ የነበራት ወርቄ አንገቷን ደፍታ አለፈች። እሷ ለእስራቱ ደንታ አልነበራትም። የገደላት የእማማ ዘውዴ ዓይን ነው።

ማረሚያ ቤት ከባለቤቴ ጋር ስንቅ ይዘን እየሄድን እንጠይቃት ነበር። ታደሰ መጀመሪያ ሰሞን መጣ፤ ከዚያ ሥራ በዛበት። እሷ ግን ከሰላምታ ቀጥላ የምትጠይቀው ስለ እሱ ነበር። «ታዴ መስታወቱን ይሞክራል?» ትለኛለች።

ይሞክራል ብዬ እመልስላት ነበር፤ እውነቴን ነበር። ሁለት ተቀጣሪዎች አምጥቶ፣ ባለመኪናውን ሁሉ መሪ ፊት አስቀምጦ «እስኪ ይተንፍሱበት» ማለት ጀምሯል። «አዩ?» ይላል፤ «አየሁ» ያስብላል። ያልነገርኳት ከዚያ የሚያስከትለውን ነው። ለደንበኛው ሁሉ እያዘነ «እህቴ በጥንቃቄ ጉድለት የሰው ነፍስ አጥፍታ ታስራለች፤ ይህን አሠራር ያመጣሁት ከዚያ በኋላ ነው» ይል ነበር። ሰውም ከንፈሩን ይመጥለታል። እንዴት ያለ ኃላፊነት የሚሰማው ሰው ነው እያለ ጓደኛውን ይልክለታል። ሱቁ እንደዚያን ጊዜ ደርቶ አያውቅም።

ተፈትታ ስትመጣ ቱታው ሰፍቷት፣ ሳል ይዟት ነበር። ታደሰ ሰው እንዳያያት ብሎ ከመጋረጃ በስተጀርባ አስቀመጣት። አስቸጋሪ ሥራ ሲመጣ ይወስድላታል፤ ሲያልቅ እሱ ያስረክባል። አንድ ከሰዓት በኋላ ፒንሳ ልዋሳት ገብቼ አጠገቧ ቆሜ ሳለ ከመጋረጃው ወዲያ ታደሰ ለአንድ ደንበኛ ያንኑ ነገር ሲናገር ሰማን። «እህቴ በጥንቃቄ ጉድለት...» አለ። የያዘችው ሽቦ ላይ እጇ ቆመ። ደንበኛው «አየሁ» እስኪል ድረስ አልተንቀሳቀሰችም፤ ከዚያ ሥራዋን ቀጠለች።

«አሁንስ?» አልኳት። «ታስረሽ ወጥተሻል። ምን ቀረሽ? ተናገሪ እንጂ!»

«ለማን ልናገር? እናቴ በስተርጅናዋ የተንበረከከችው ለውሸት ነው ላሰኝ?»

«ታዲያ እንዲህ ሆነሽ ልትኖሪ ነው?»

«ሌላው ሰው ያለውን ይበል» አለችኝ። «እማማ ዘውዴ ብቻ ብታውቅልኝ ይበቃኛል። የልጄ ገዳይ እያለች በየመንገዱ እያየችኝ መሞት አልፈልግም። ትንሽ ይሻለኝና ቤቷ ሄጄ እነግራታለሁ። አንተ ግን እሷ ከእኔ አፍ ሳትሰማ እንዳትነግርብኝ፤ ማልልኝ።»

ማልኩላት። ነገሩ የእሷ ነው፤ ከእሷ አፍ ቢሆን ይሻላል ብዬም አምኜበታለሁ። ግን አልተሻላትም። ሳሉ እየጠነከረ ሄደ፣ ከሥራ ቀረች፣ ከአልጋ ዋለች። ልጠይቃት በሄድኩ ቁጥር «ዝናቡ ይቁምና እሄዳለሁ» ትለኝ ነበር። ዝናቡ ሳይቆም ሞተች።

ድንኳኑ የተተከለው ታደሰ ደጅ ነው። ሰው ሞልቷል። ለምስኪኗ ሳይሆን ለባለሱቁ የመጣ ሰው ነው። ታደሰ ነጠላውን አዘቅዝቆ ከፊት ተቀምጧል፤ እትዬ አረጋሽ ከአጠገቡ ፍራሽ ላይ ናቸው። እኔ ከመግቢያው አጠገብ ካለው አግዳሚ ተቀመጥኩ።

የዝናብ ጥላቸውን ከደጅ አስቀምጠው እማማ ዘውዴ ገቡ። የሰናይት እናት መሆናቸውን ሰው ሁሉ ያውቃል። ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው። መሐል ላይ ሲደርሱ ቆሙና ድምፃቸው እየተቆራረጠ ተናገሩ።

«እስከ ዛሬ ረግሜያታለሁ። ሞተች ሲሉኝ ቂም ይዤ መቅረቱን ፈራሁ። ልጄን የገደለችውን ይቅር ብያታለሁ። እግዚአብሔርም ይቅር ይበላት።»

ከሁሉም ቀድሞ፣ ከሁሉም ድምፁን ከፍ አድርጎ «አሜን» ያለው ታደሰ ነው።

ከዚያ ወዲያ መሐላ አልያዘኝም። ተነሳሁ። «እማማ» አልኳቸው፣ «ልጅዎን የገደለችው ወርቄ አይደለችም። የነቀለው እሱ ነው። በዓይኔ አይቻለሁ፤ ለፖሊስም ተናግሬያለሁ።»

ድንኳኑ ተንጫጫ። አንዱ «ለቅሶ ቤት ነገር ታነሳለህ?» አለኝ፤ ሌላው ክንዴን ይዞ ሊያስቀምጠኝ ጎተተኝ። እትዬ አረጋሽ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ታደሰ አላየኝም። እማማ ዘውዴ ግን ወደ እኔ መጥተው እጄን ያዙኝ። አልተቆጡም። ጓደኛው የሞተበት ሰው የሚለውን አያውቅም ብለው ያዘኑልኝ ይመስላሉ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «እሷ ራሷ ችሎት ፊት አምና የለም እንዴ? ከአፏ በጆሮዬ ሰምቻለሁ እኮ።»

ታደሰ ተነስቶ መጣና የዝናብ ጥላቸውን አነሳላቸው፤ ክንዳቸውን ደግፎም እስከ አስፋልቱ ሸኛቸው።